ከመልእክቱ ጀርባ የጮኸ ዶሮ

በደርግ ዘመን ከአገር የወጣ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሥርዓት ነበር። ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ጣሊያን የሚሄድ መንገደኛ መገኘቱ ሲሰማ ቴፕ ሪከርደር ከጎረቤት ይዋሳሉ። ባዶ ካሴት ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ አንድ ያረጀ የዘፈን ካሴት ተፈልጎ አናቱ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ይደፈኑና በዘፈኑ ላይ ይቀዳበታል። ልጆች ይገሠጻሉ፤ በር ይዘጋል። አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው በደብዳቤ ወግ ይጀምራሉ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናት ይከተላሉ፤ ሁለት ቃል ሳይናገሩ እንባ ይቀድማቸዋል። በመጨረሻ አንድ ሕፃን ተገፍቶ ወደ ማይኩ ይቀርባል፤ «በል፣ ጋሼን ሰላም በለው» ሲባል፣ ሲለፈልፍ የዋለው ልጅ ድምፁ ይጠፋል።

ካሴቱ ዋሽንግተን ሲደርስ መጀመሪያ የሚደመጠው መልእክቱ ነው፤ ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ የቤቱ ጉዳይ ቀበሌ ዘንድ የት ደረሰ። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደመጥ ያልቃል። ካሴቱ ግን አይጣልም። ዓመታት አልፈው፣ ያገቡት ወልደው፣ የታመሙት አርፈው ካበቁ በኋላ እንደገና ሲከፈት ጆሮ የሚያነሣው ሌላ ነገር ነው፤ በሩ ተዘግቶም የገባው የዶሮ ጩኸት፣ የጎረቤት ሙቀጫ፣ አባት ሲንቀሳቀሱ የሚንቋቋው አልጋ፣ ከመሀል የጀመረው ዝናብ። ከእነዚህ አንዱንም ማንም ሊልክለት አላሰበም። እንዲያውም በሩ የተዘጋው እነሱ እንዳይገቡ ነበር።

በእጅ የሚያዝ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ወደ ገበያ፣ ወደ ወንዝ ዳር፣ ወደ ደብር መውጣት ዛሬ ለአንዳንዱ ሙያ፣ ለአንዳንዱ ደግሞ የዕረፍት ቀን ፍቅር ሆኗል። ስለዚህ ነገር የተጻፈው አብዛኛው ስለ ዕቃው ነው፤ የቱ ማይክ ይሻላል፣ የቱ ካርድ ይበረክታል። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከእነዚያ ካሴቶች የተረዳሁት ነው፤ ድምፅ የሚቀርጽ ሰው ምን እንደቀረጸ አያውቅም። የፈለገውን ከፊት ያስቀምጣል። ከኋላ የገባውን የሚያውቀው፣ ካወቀው፣ ምናልባት ገና ያልተወለደ ሰው ነው።

ነገሩ ከጆሯችን አሠራር ይጀምራል። ጆሮ የመጣውን ሁሉ የሚቀበል ቢሆን ኖሮ መርካቶ መሀል ቆሞ መነጋገር ባልተቻለ። በ1953 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኮሊን ቼሪ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ለሰዎች በሁለቱ ጆሯቸው ሁለት የተለያዩ ንግግሮችን እያሰማ አንዱን ብቻ እንዲከተሉ አዘዛቸው። ሲጨርሱ ስለ ሌላው ንግግር ጠየቃቸው። የሰው ድምፅ መሆኑን ከማወቅ ያለፈ የሚሉት እምብዛም አልነበራቸውም፤ ንግግሩ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲቀየር እንኳ ሳያስተውሉ ቀርተዋል። ድምፁ ጆሯቸው ድረስ ገብቷል፤ እነሱ ግን አልሰሙትም። ስንሰማ አብዛኛው ሥራችን መጣል ነው ማለት ነው።

ማይክ አይጥልም። መቅረጸ ድምፁን ካፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወዳጁን ሲያነጋግር የዋለ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲያዳምጥ ይደነግጣል፤ የማኪያቶ ማሽኑ ጩኸት፣ የስኒው ግጭት፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ስለ መኪና ዋጋ የሚከራከሩት ሰዎች ከወዳጁ ድምፅ ጋር እኩል ተቀምጠው ያገኛቸዋል። ማሽኑ አልተበላሸም። ባለቤቱ ያልሰማውን ሰምቶ ነው። ማዳመጫ ጆሮ ላይ አድርገው የሚቀርጹ ሰዎች ይህን እዚያው ይቀምሱታል፤ የራሳቸው ጃኬት ሲፋተግ፣ ሆዳቸው ሲጮህ፣ ሦስት ቤት አልፎ ያለው ጄኔሬተር እግራቸው ሥር ሲመጣ። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዓለም ይህን ያህል ጫጫታ ተሸክማ እንደምትኖር ማመን ያስቸግራል። ከዚያ አንድ የሚገርም ነገር ይሆናል። ከማዳመጫው ሥር ያለው ጆሮ ይለምድና መምረጥ ይጀምራል። ጄኔሬተሩ ይረሳል። ቀራጺው «አሁን ጸጥ አለ፤ አሁን ልጀምር» ብሎ ቁልፉን የሚጫነው በዚህ ሰዓት ነው፤ ጄኔሬተሩም የሚገባው እንዲሁ። የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎችም ከዚህ አያመልጡም፤ ልምድ ማለት ራሱ የመጣል ችሎታ ስለሆነ ይመስለኛል።

ቀራጺ የቀረጸውን አያውቅም ስል ማጋነን የሚመስለው ካለ፣ የሙያው የመጀመሪያው ሰው ራሱ ምስክር ነው። ኤዱዋር ሊዮን ስኮት ደ ማርቲንቪል የተባለ የፓሪስ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ በ1857 መብቱን ያስመዘገበበት መሣሪያ የድምፅን ንዝረት ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ በመሥመር ይጭር ነበር። መልሶ ማሰማት አይችልም፤ ሰውየውም ይህን አላሰበም። የፈለገው ድምፅ እንደ ጽሕፈት በዓይን እንዲነበብ ነበር። በሚያዝያ 1860 ከተጫሩት ወረቀቶች አንዱ ከ148 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ አሜሪካ ውስጥ በኮምፒውተር ተነብቦ ድምፅ ሆነ፤ አንድ የታወቀ የፈረንሳይ ሕዝብ ዘፈን። ያሰሙት ተመራማሪዎች መጀመሪያ የልጃገረድ ድምፅ መሰላቸው። በኋላ ፍጥነቱን ሲያስተካክሉ የጎልማሳ ወንድ ሆነ፤ ምናልባትም የስኮት የራሱ። ሰውየው ሥዕል ትቶ የሄደ መስሎት ድምፁን ትቶ ሄዷል።

ወደ እኛ ደጅ ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሰም ሲሊንደር ላይ የድምፅ መልእክት ቀርጸው ላኩ። ይዞት የመጣው የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ካፒቴን ሃሪንግተን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ አዳመጡት። ከዚያ ሲሊንደሩ ጠፋ፤ ንግሥቲቱ ድምፃቸው ከተደመጠ በኋላ እንዲቀመጥ አልፈለጉም ነበርና። ምኒልክና ጣይቱ በ1899 በዚያው ዘዴ መልሱን ቀረጹ። የእነሱን ያጠፋው የለም፤ ዛሬም ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አለ። ስለዚህ ከአንድ የቤተ መንግሥት ጨዋታ ግማሹ ብቻ በእጃችን አለ፤ የሰላምታው መልስ እንጂ ሰላምታው የለንም።

ቪክቶሪያ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ እያሰብኩ ሁለት ግምት ላይ እደርሳለሁ። አንዱ ፖለቲካ ነው። የተቀረጸ ቃል የተፈረመ ወረቀት ያህል ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ከውጫሌ ውል መዘዝና ከዓድዋ በኋላ ደግሞ አንድ ቃል ከኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ጋር ምን እንደሚያመጣ በአውሮፓ የማያውቅ አልነበረም። ሁለተኛው የበለጠ ይማርከኛል። ንግሥቲቱ ድምፃቸውን የቆጠሩት እንደ ራሳቸው መምጣት ይሆናል፤ እንግዳ መጥቶ ተናግሮ ይሄዳል፣ አፉን እዚያው ትቶ አይሄድም። ይህን የመሰለ ስሜት የሚያድርበት ሰው ዛሬም ሞልቷል። መቅረጸ ድምፅ ሲያይ «እሱን አጥፋውና እነግርሃለሁ» የሚል ሽማግሌ የሚደብቀው ምሥጢር ላይኖረው ይችላል። ቃሉ ከእሱ ተለይቶ በሌላ ሰው ኪስ መሄዱን ነው ያልወደደው።

አንድ ጊዜ ተሰምቶ የሚያልፍ ድምፅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ባህላችን ይህን ተደግፎ ነው የቆመው። በጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው ቀኑን ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ ይታረምለታል። ደርሶ ባለቅኔ ሲሆንም በማሕሌት ላይ የሚያቀርበው ቅኔ ለዚያ በዓል፣ ለዚያች ሰዓት የተቆጠረ ነው፤ ያንኑ ለሌላ ቀን ማምጣት ያሳፍራል። ታዲያ ጥሩው አይጠፋም። የሰማው ሊቅ ይይዘዋል፤ ለሌላው ይነግረዋል፤ «የእገሌ ጉባኤ ቃና» እየተባለ ትውልድ ይሻገራል። ደካማው ግን በተባለበት ቀን ይቀራል። የከለከለው የለም፤ የያዘው ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው። ይህ የማኅበር ጆሮ እየመረጠ፣ እየጣለ የሠራው መዝገብ ነው፤ ምርጫውም ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነበር ለማለት አልደፍርም። የተጣለው ውስጥ ምን እንደነበረ የምናውቅበት መንገድ የለንማ።

ዛሬ ቅኔው ሲባል ስልኮች ይነሣሉ። ደካማውም ብርቱውም እኩል ይቀመጣል። መቀረጹን አልቃወምም፤ የሚለወጠውን ነገር ግን ማየት ይገባል። ባለቅኔው ከፊቱ ከቆሙት ሊቃውንት ሌላ ለማያያቸው፣ ግዕዝ ለማይሰሙ፣ በሌላ ቀን በሌላ ስሜት ለሚያዳምጡት መናገር ይጀምራል። ይጠነቀቃል። ጥንቃቄ ደግሞ ለቅኔ ብዙም አይበጀውም። በአዝማሪ ቤትም እንዲሁ ነው። ከተቀመጠው ሰው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ አዝማሪው መልሶ ሲነካው፣ ጨዋታው የሚያዘው ቤቱ ውስጥ ባለው ሰው ልክ ነው። ነገ ዩቲዩብ ላይ እንደሚወጣ ካወቀ ወርቁን ትቶ ሰሙን ብቻ ያበዛል።

ላሊበላዎች ከዚህም የባሱ ናቸው፤ ማለቴ ለቀራጺ። ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ቆመው ያዜማሉ፤ ስለ ባለቤቱ ከጎረቤት አስቀድመው የጠየቁትን፣ ስሙን፣ የልጆቹን ስም በዜማው ያስገባሉ። ግጥሙ የዚያ በር ነው። ቀርጾ ወደ ሌላ አገር የወሰደው ሰው ዜማ ይዟል፤ በዘፋኙና በተኛው ሰው መካከል የነበረውን ክርክር ግን አልያዘም። ሰውየው ነቅቶ፣ ልነሣ አልነሣ ብሎ፣ በመጨረሻ በሩን ከፍቶ እስኪሰጥ ያለው ጊዜ በካርዱ ላይ ባዶ ሰከንዶች ሆኖ ይታያል። ብዙ ቀራጺ ያን ቆርጦ ይጥለዋል። እኔ ብሆን ዘፈኑን ቆርጬ እሱን አስቀር ነበር። እሺ፣ አጋነንኩ፤ ሁለቱንም።

ድምፁን ከሥርዓቱ መንቀሉን ሳያፍርበት የሠራበት ሰውም አለ። ግብፃዊው ሃሊም ኤልዳብህ በ1944 ካይሮ ውስጥ፣ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ ከባድ መሣሪያ ከሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ የዛር ሥርዓት ቀረጸ። ከዚያ ጣቢያው ስቱዲዮ ገብቶ የድምፆቹን ዋና አካል እየቀነሰ፣ ማስተጋባቱን እየጨመረ፣ ጥላቸውን ብቻ አስቀረ። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር በባቡር ድምፅ የሠራው ዝነኛ ሥራ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ኤልዳብህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም አቋቋመ። ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያሰለፈው ቡድን መሥራች የዛርን ከበሮ ሽቦ ላይ የፈተለው ሰው መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። ያን ሥራ ሳስበው አንድ ነገር ይከነክነኛል። ታማሚዋን ያስነሣት ከበሮ በሽቦው ላይ ማንንም አላስነሣም። ሌላ ነገር ሆነ፤ ውብ ነገር። ስርቆት ነው አልልም። ግን ከበሮው ለማን ይመታ እንደነበር የረሳ ሰው ውበቱን ብቻ ቢያደንቅ ግማሹን አልሰማም።

ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ከቴክኒኩ ሁሉ በላይ ቀራጺን ያስቸግረዋል። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እናቷ ሲሞቱ ለቅሶው በስልክ ይቀረጽና በኢሞ ይላክላታል። አልቃሿ በሙሾው መሀል ስሟን ትጠራለች፤ ሩቅ ናት ብላ ለሟች ይቅርታ ትጠይቅላታለች። ስልኩ እዚያ ባለመብት ነው፤ ልጅቱ ያልተቀመጠችበትን ቦታ ይዟል። ያንኑ ሙሾ ስለ ዜማው ብቻ የሚቀርጽ እንግዳ ቢመጣ፣ መሣሪያው ያው፣ ድምፁም ያው ሆኖ ሳለ ነውር ይሆናል። ከለቅሶ ቤቱ ሰዎች አንዱም ይህን ልዩነት ለማስረዳት ፍልስፍና አያስፈልገውም፤ በግልምጫ ይጨርሰዋል።

የሙያው መማሪያዎች የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር መጥፋት ነው። አትንቀሳቀስ፤ አትናገር፤ የሚንኮሻኮሽ ልብስ አትልበስ፤ መሣሪያውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስቀምጥና ራቅ በል። ማይኩን ነፋስ እንዳይመታው ጸጉራም ልባስ ያለብሱታል፤ የድምፁም ልክ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ ይያዛል፤ ድንገት የሚመጣ ጩኸት እንዳይሰነጠቅ። መልካም። ይህ ሰው በማይደርስበት ደን ውስጥ ይሠራል። ጎንደር ወይም ወሎ ገጠር መንገድ ዳር፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ጸጉራም ዕቃ ወደ ጅረት ዘርግቶ በዝምታ የቆመ ሰው ግን አይጠፋም፤ ጎልቶ ይታያል። ወይ መሬት የሚለካ ነው፣ ወይ ሰላይ ነው፣ ወይ ጠበል የሚያስፈልገው ነው። መንገደኛው «እንደምን ዋልክ» ይላል። መልስ ሲያጣ ይቆማል። ይደግመዋል።

በእኔ ፍርድ መመለስ ነው። የከብቱ፣ የልጆቹ፣ የአዝመራው ደህንነት ተጠይቆ እስኪያልቅ መመለስ። ጅረቱ ከኋላ መውረዱን አያቆምም። ንጹሕ የጅረት ድምፅ የፈለገ ቆይቶ ይቅረጽ፤ በዚያ መንደር አነጋገር፣ በዚያ ዓመት ሥጋት የተቀባ ሰላምታ ግን ተመልሶ አይገኝም። ልጆቹ ደግሞ ይመጣሉ። «ስልክ ነው? ፎቶ ያነሣል? የኔን አሰማኝ!» ሲያሰሟቸው የጓደኛቸውን ድምፅ ወዲያው ያውቃሉ፤ የራሳቸውን ግን «እኔ አይደለሁም» ብለው ይክዳሉ። አዋቂም ይክዳል። ስንናገር የራሳችን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለሚደርሰን ጎርነን ብሎ ነው የምናውቀው፤ ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቀጭኑን የምንሰማው ከማሽን ብቻ ነው። የራስን ጀርባ ማየት እንደማይቻል ሁሉ ድምፃችንም ጀርባ አለው።

ጀርባውን ዋና ጉዳዩ ያደረገ ሰው በርኒ ክራውስ ነው። በ1988 በካሊፎርኒያ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች፣ ሊንከን ሜዶ በተባለ መስክ የንጋትን ድምፅ ቀረጸ። አንድ የእንጨት ኩባንያ ዛፎቹን መርጦ ብቻ እንደሚቆርጥ፣ አካባቢውም እንደማይጎዳ ለነዋሪው ቃል ገብቶ ነበር። ክራውስ ከዓመት በኋላ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ቀረጸ። ለዓይን ምንም አልጎደለም፤ ፎቶግራፉ ያው ነበር። በቀረጻው ላይ ግን ከጅረቱና ከግንደ ቆርቁር ምት በቀር የሚሰማው እጅግ ጥቂት ነበር። የመጀመሪያው ቀረጻ ሲቀረጽ አንድ የሚያምር ንጋት ብቻ ነበር፤ ክስ ያደረገው ሁለተኛው ነው።

አዲስ አበባም የራሷ ሁለተኛ ቀረጻ ይጠብቃታል። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ወሬ ያቋርጣል፤ በረዶ ከታከለበት ሰው ተያይቶ ዝም ይላል። ይህን ለመቅረጽ የሞከረ ሁሉ ያዝናል፤ ቀጭኑም ወፍራሙም ድምፅ በአንድነት ስለሚመጣ ጣቢያ ከጠፋበት ሬዲዮ አይለይም። ዝናብ የሚያደርገው በዙሪያው ያለው ነው፤ ከአሸንዳው ወደ በርሜሉ የሚንዶቆዶቀው ውሃ፣ ልብስ ከገመድ ለማንሣት የሚሯሯጥ ነጠላ ጫማ፣ «ከሰሉን አስገቡ!» የሚል ጩኸት። በኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ የሚያድግ ልጅ ዝናብን በመስኮት ያየዋል እንጂ ከራሱ በላይ አይሰማውም። ያፈስ ለነበረ ጣሪያ ናፍቆት ይዞኛል ብዬ አላስመስልም፤ ከሥሩ ሣፋ ደርድሮ ያደረ ያውቀዋል። ግን ልጁ አንድ ቀን አያቱ «ዝናቡ አላናግር አለን» ያሉት ምን ማለት እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል። የቆራሌው ጥሪ፣ የታክሲ ረዳቱ ዜማ፣ ሊስትሮው ሣጥኑን ሲመታ፣ ማንም ዛሬ መቅረጽ የሚገባው ነገር ብሎ አይቆጥራቸውም። እነዚህ ከሌላ ነገር ጀርባ ነው የሚቀረጹት፤ ከሠርግ ቪዲዮ፣ ከቃለ መጠይቅ።

ሳይንሳዊ ዓላማ ያለው ቀረጻም ከዚህ ዕጣ አይድንም። ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ የተባለች አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ በ1973 ጎንደር አጠገብ አምቦበር ላይ የቤተ እስራኤልን ጸሎት ቀረጸች። የምትፈልገው የዜማውን አወቃቀርና ታሪኩን ነበር፤ ጥናቷም ከኢትዮጵያ የክርስቲያን ገዳማት ልማድ ጋር ያለውን ጥብቅ ዝምድና አሳየ፤ ብዙ አከራከረም። ከዚያ በ1984 የተጀመረው ጉዞና የ1991ዱ ዘመቻ ማኅበረሰቡን ወደ እስራኤል አሻገሩት። ጸሎቱ እዚያ በቄሶች አፍ አለ፤ የአምቦበር የጸሎት ቤት ሰዎች ግን የሉም። እስራኤል የተወለደ የልጅ ልጅ ያን ቀረጻ ቢያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዜማው ስልት አይመስለኝም። ከኋላ ያሳለው ሽማግሌ ማን ነበር ብሎ ነው የሚጠይቀው። ያን ሊመልስ የሚችለው ደግሞ ማሽን አይደለም። ስለዚህ ከሙያው ምክሮች ሁሉ አጥብቄ የምይዘው አሰልቺውን ነው፤ ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ቦታውን፣ ቀኑን፣ እነማን እንዳሉ በራስ አፍ ለማይኩ መናገር። ወረቀት ይጠፋል፤ የፋይል ስም ይቀየራል።

የቀረው ችግር ብዛት ነው። የሰም ሲሊንደር የሚይዘው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነበር፤ ምኒልክም ምን እንደሚሉ አስበው ነው የቀረቡት። ካሴት በአንድ ፊቱ ሠላሳ ወይም አርባ አምስት ደቂቃ። ዛሬ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በሁለት ማይክ የተቀረጸ አንድ ሰዓት አንድ ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ ጥፍር የሚያክል ባለ 128 ጊጋባይት ካርድ ከመቶ ሰዓት በላይ ይውጣል። አዲሶቹ ባለ 32 ቢት ፍሎት መሣሪያዎች የድምፁን ልክ አስቀድሞ መወሰንን እንኳ አስቀርተዋል፤ ሹክሹክታውም ነጎድጓዱም ይገባል፣ ቤት ሄደህ ታስተካክላለህ። ውሳኔው ግን አልቀረም፤ ለነገ ተላለፈ እንጂ። ድምፅ ደግሞ እንደ ገጽ ገለጥ ገለጥ አድርገው የሚያልፉት ነገር አይደለም። የአንድ ሰዓት ቀረጻ አንድ ሰዓት ይጠይቃል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሞገድ የት እንደጮኸ ይናገራል፤ ምን እንደተባለ አይናገርም።

በዚህ ጉዳይ ከአንድ ወዳጄ ጋር አንስማማም። እሱ ሁሉንም ቅረጽ ባይ ነው። ቦታ ረክሷል፤ ሰሚ ከጠፋ ማሽን ይሰማል ይላል፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ ኬምኒትስ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን በርድኔት እየጠቀሰ፤ የወፎችን ድምፅ ለይቶ በስማቸው የሚጠራ ሶፍትዌር ነው። እውነቱን ነው፤ ሠርቶ አይቼዋለሁ፤ ይደንቃል። የእኔ መልስ ሶፍትዌሩ የተማረውን ይፈልጋል የሚል ነው፤ ወፍ ካስተማርከው ወፍ ያመጣልሃል፣ ከወፉ ጋር የገባችውን «ኧረ እማማ፣ ቡናው ቀዘቀዘ» የምትል ሴት ያልፋታል። እሱ ደግሞ «እሷንም አስተምረዋለሁ» ይላል። ማንን ማንን ታስተምረዋለህ ብለው፣ አንተስ ማንን ማንን ሰምተህ ትዘልቃለህ አለኝ። ለዚህ ጥሩ መልስ አላገኘሁም። እሱ ሌላ ካርድ ገዝቷል፤ እኔ የአምናውን ገና አልጨረስኩም።